መተከል የሌለበት የመተከል ቅስቀሳ

ስለ ምርጫ ታሪካችን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከመስቀል አደባባይ ነው። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሰልፍ፣ በማግስቱ የተቃዋሚዎቹ ሰልፍ፣ ከሳምንት በኋላ ግንቦት 7፣ ከዚያ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ጣጣ። እስቲ ለዛሬ ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ እንየው። ከአሶሳ።

አሶሳ ለመድረስ በአምቦና በነቀምት አድርጎ፣ ጊምቢን፣ ነጆን፣ መንዲንና ባምባሲን አልፎ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ኩርሙክ ነው፤ ከኩርሙክ ወዲያ ሱዳን። አሶሳ ርዕሰ ከተማ የሆነችለት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልካቸው እንደራሴዎች 9 ብቻ ናቸው። ከ547ቱ ወንበሮች 9። ለዚህም ይመስላል በምርጫ ሰሞን የአዲስ አበባ ሰው ክልሉን «በሌሎችም አካባቢዎች» በምትል ሐረግ ጠቅልሎ የሚያልፈው። እኔን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ግን፣ ፓርቲዎቻችን ፌስቡክንና ቴሌግራምን ለቅስቀሳ እንዴት እንደተጠቀሙባቸው ለመረዳት ከመስቀል አደባባይ ይልቅ ይህ ክልል ያስተምራል እላለሁ። በ2013ቱ የምርጫ ዘመን በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ከተወራባቸው አካባቢዎች አንዱ መተከል ነው። የመተከል ገበሬ ግን ያን ወሬ ያነበበው በሰው አፍ ነው፤ ያውም ካነበበው።

የአሶሳ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ መነገሩ በፌስቡክ የተጀመረ አይምሰላችሁ። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው አካባቢው በምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ፣ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተው ነበር። ሕንፃው ዛሬም አለ። ሸጎሌ የምንለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው ይባላል። በየቀኑ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት የአሶሳን ሰው ስም እየጠራ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ወርቁ ከአሶሳ ይመጣል፣ ቃሉ ከአዲስ አበባ ይሄዳል። ሥርዓቱ ይህ ነበር። መንግሥታት ተለዋወጡ እንጂ የቃሉ አቅጣጫ ብዙ አልተለወጠም።

ክልሉ ራሱ የተሰፋው ከሁለት ክፍለ ሀገር ነው። አሶሳ ከወለጋ፣ መተከል ከጎጃም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች ተብለው ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ ሌላ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አገውም፣ ሌላውም በብዛት ይኖራል። ከፊሉ ከዱሮ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከፊሉ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ደርግ ከወሎና ከሌላም ቦታ አምጥቶ በአሶሳና በጣና በለስ ያሠፈረው ነው። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የሚቀሰቅስ ፓርቲ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ምን ልበል?» አይደለም፤ «በማን ቋንቋ፣ ለማን ልበል?» ነው።

ይህ ጥያቄ በክልሉ የፍርድ ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ፣ የአካባቢውን ነባር ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ዕጩዎች በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ከውድድር ወጡ። በጊዜው የነበረው የምርጫ ሕግ፣ ዕጩው የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ ማወቅ አለበት ይል ነበር። ሰዎቹ አቤት አሉ። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ዛሬም የሕግ ተማሪ የሚከራከርበት ነው፦ ሕጉን አልሻረውም፤ ነገር ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ አማርኛ ማወቅ ይበቃል አለ። ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነበር። በዚህ ክልል ከሁሉም ነገር ቀድሞ የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ይህንን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ 1997 እንምጣ። ያኔ ፌስቡክ ለአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች የተሠራ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር። እኛ ዘንድ የነበረው የሞባይል አጭር መልእክት ነው። ሞባይል ራሱ ከገባ ስድስት ዓመቱ ሲሆን ባለቤቶቹም በመላ አገሪቱ ጥቂት መቶ ሺህ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የአዲስ አበባ ሰዎች። ሆኖም ተቃዋሚዎች፣ በተለይም ቅንጅት፣ ያቺን አጭር መልእክት በሚገባ ሠሩባት። የሰልፍ ቦታ፣ የክርክር ሰዓት፣ «ለአሥር ሰው አስተላልፍ» የምትል ማሳረጊያ። ምን አለፋችሁ፣ መንግሥት ከምርጫው ውዝግብ በኋላ የጽሑፍ መልእክቱን ዘጋው፤ የተከፈተውም በሚሊኒየሙ መባቻ በ2000 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ በሞባይል «እንኳን አደረሰህ» ብሎ መጻፍ አይቻልም ነበር። በኋላ ላይ የመጣውን የኢንተርኔት መዝጋት ልማድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መነሻው እዚህ ነው፦ የመዘጋት ልማዱ ከፌስቡክ በዕድሜ ብዙም አያንስም።

አሶሳ በዚያ ዓመት እንዴት ተቀሰቀሰች? እንደ ሌላው ገጠራማ ኢትዮጵያ ሁሉ በሬዲዮ፣ መኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ፣ በበራሪ ወረቀትና በካድሬ። ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት የኢሕአዴግ አባል አልነበረም፤ «አጋር» ነበር። አጋር የምትለው ቃል ደስ ትላለች፤ ትርጉሟ ግን አብረኸን ትቆማለህ፣ በግንባሩ ሊቀመንበር ምርጫ ላይ ድምፅ የለህም ማለት ነበር። አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ሐረሪና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንዲህ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ ቆዩ። መልእክቱ ከላይ ተጽፎ ይወርዳል፤ እታች ይተረጎማል። ከዚህ የተነሳ በክልሉ የፓርቲ ሰዎች ዘንድ የራስን ቃል ቀርጾ ለአገር የማሰማት ልምድ ሳይዳብር ቀረ። ፌስቡክ ሲመጣ ይህ ጉድለት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ እናያለን።

ከ1997 በኋላ ኢሕአዴግ የተማረው ትምህርት ከስልክ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ትምህርቱ «አንድ ለአምስት» ነበር። እያንዳንዱ አባል አምስት ሰው ይይዛል፣ ያሳምናል፣ ቀኑ ሲደርስ ይዞ ይመጣል። በ2002 ዓ.ም. ድርጅቱ ከአምስት ሚሊዮን ያላነሰ አባል አለኝ ይል ነበር፤ የዚያ ዓመት የግንቦት 15 ምርጫም ከ547 ወንበር 545ቱን ለእሱና ለአጋሮቹ አስገኘ። ሰው የማኅበራዊ ትስስር መረብ ሲል ካሊፎርኒያ የተፈለሰፈ ነገር ይመስለዋል። አንድ ለአምስትን ያየ ግን ነገሩ ይገባዋል፦ መረቡም አለ፣ «ሼር» ማድረጉም አለ፣ ማን እንዳየና ማን እንዳላየ የሚቆጥር አለቃም አለ። የሌለው «ኮሜንት» ብቻ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፌስቡክ የተማረው የከተማ ወጣት መሰብሰቢያ ሆነ። ጋዜጣ እየተዘጋ፣ ብሎግ እየታገደ ሲሄድ ሰዉ ወደዚያ ተሰደደ ማለት ይቀላል። ሰማያዊ ፓርቲ ሰልፍ ለመጥራትም፣ የታሠሩ አባላቱን ፎቶ ለማሳየትም የተጠቀመበት እሱን ነው። የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. መታሠራቸው መንግሥትም ነገሩን በቀላሉ እንዳላየው ያሳያል። የ2007ቱ ምርጫ ግን በ100 ፐርሰንት ተጠናቀቀ። ላይክና ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ልብ ያላለ ሰው አይኖርም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9ኙም ወንበሮች ለአጋሩ ሄዱ፤ ማንም ስለዚህ አልጻፈም።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ሁሉም ተገለባበጠ። ከስደት የተመለሰ፣ ከእስር የወጣ፣ አዲስ የተቋቋመ፤ ፓርቲ በያይነቱ። ኅዳር 2012 ላይ የኢሕአዴግ ሦስቱ አባላትና አጋሮቹ ተዋሕደው ብልጽግና ሆኑ፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዙም ድርጅት አጋርነቱን ጥሎ አባል ሆነ። በወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን በዚያው ጊዜ ክልሉ እየነደደ ነበር። መስከረም 2011 ላይ የክልሉ ባለሥልጣናት ከተገደሉ ወዲህ በካማሺ በኩል ያለው መንገድና መንደር ታመሰ። ወደ አሶሳ የሚወስደው የወለጋ መንገድ ለመንገደኛ አስፈሪ ሆነ። የምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔትም በ2012 ዓ.ም. ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመኪና፣ በሞንታርቦ አሶሳ ድረስ መቀስቀስ የማይታሰብ ሆነ። ለቅስቀሳ የቀረው መንገድ አየር ነው፤ ወይ አውሮፕላን፣ ወይ ኔትወርክ።

ከዚያ መተከል መጣ። ወራት የቆየ ግድያ፣ በመጨረሻም ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ የደረሰው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ መተከል ሄደው ሕዝቡን ባነጋገሩ ማግስት ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን በወቅቱ አስታወቀ፤ ቁጥሩ በኋላ ከዚያም በላይ ሆኗል። ተፈናቃዩ ወደ ቻግኒ ሄዶ ራንች በተባለው ቦታ በድንኳን ሰፈረ። ምርጫው ሊደርስ ስድስት ወር ቀርቶታል።

እዚህ ላይ ነው ፌስቡክ የምርጫ ሜዳ የሆነው። ሁሉም ፓርቲ መተከልን አነሣ። አብን ከተመሠረተበት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መተከል የጎጃም አካል ነበር፣ ይመለስ የሚል ጥያቄ ይዞ የመጣ ነው፤ የሟቾቹ ፎቶ ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በመንግሥትና በብልጽግና በኩል ደግሞ ግድያው የሕወሓትና የሕዳሴውን ግድብ ማደናቀፍ የሚፈልጉ ኃይሎች እጅ ነው ተባለ። ከጉሙዝ ወገን የሚናገሩት በፊናቸው መሬታችን ተወሰደ፣ እኛም እየሞትን ነው አሉ፤ ግን ድምፃቸው የሚሰማበት ገጽ ትንሽ ነበር። የራስን ቃል ለአገር የማሰማት ልምድ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የወረደላቸውን ጽሑፍ ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች፣ በአንድ ጀንበር ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን «አክቲቪስቶች» ጋር መሟገት አልቻሉም።

የቅስቀሳውን አሠራር ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ የፓርቲው ኦፊሴላዊ ገጽ ጨዋ ነው። መግለጫ ያወጣል፣ «ጥልቅ ኀዘናችንን እንገልጻለን» ይላል፣ የምርጫ ምልክቱን ያስቀምጣል፦ የብልጽግና አምፖል፣ የኢዜማ ሚዛን፣ የአብን ሰዓት። ከጨዋው ገጽ ኋላ ግን የደጋፊ ገጾች አሉ፤ «የእገሌ ልጆች»፣ «የእገሌ ወጣቶች» የሚል ስም ያላቸው። ፓርቲው ሊለው የማይችለውን የሚሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱም ኋላ ቴሌግራም አለ። ፌስቡክ ላይ የተነቀፈው ቪዲዮ እዚያ ይኖራል፤ ከዚያ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። አንድ ፓርቲ ስለ ደጋፊ ገጹ ሲጠየቅ «እኛን አይወክልም» ይላል። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ያው ገጽ የፓርቲውን ስብሰባ በቀጥታ ያስተላልፋል።

ይህንን አሠራር ግምት ብቻ አድርጎ የሚወስድ ሰው እንዳይኖር፣ ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለትም ድምፅ ሊሰጥ አምስት ቀን ሲቀረው የሆነውን እናንሣ። የፌስቡክ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደራጀ የሐሰት መረብ አግኝቼ አፈረስኩ አለ፦ 65 የግል አካውንቶች፣ 52 ገጾች፣ 27 ቡድኖችና 32 የኢንስታግራም አካውንቶች። ከገጾቹ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ የሚከተሉት 1.1 ሚሊዮን ያህል አካውንቶች ነበሩ። ኩባንያው መረቡን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያይዞታል። ይዘቱ በአብዛኛው አማርኛ ሲሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ብልጽግናን የሚያሞግስ፣ ተቃዋሚዎችን የሚነቅፍ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን አንድ ቁጥር ነው። ለማስታወቂያ የወጣው ገንዘብ በጠቅላላ 6,200 ዶላር ገደማ ነው። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 300 ሺህ ብር እንኳ አይሞላም። በዚህ ዋጋ አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀች ቪትዝ አትገዛም፤ ሚሊዮን ሰው ደጅ ግን ታደርሳለች።

ስለ ገንዘብ ካነሣን አይቀር። የአገራችን የባንክ ካርድ ያኔ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አይገዛም ነበር ማለት ይቻላል። ማስታወቂያ የሚፈልግ ፓርቲ ወይ ዶላር ማግኘት አለበት፣ ወይ ውጭ ያለ ደጋፊ ካርዱን ይሰጠዋል። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ድርጅቶች ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። መልካም። ነገር ግን ሜሪላንድ የሚኖር ሰው በራሱ ካርድ፣ በራሱ ገጽ ላይ፣ የሚወደውን ፓርቲ ቪዲዮ ከፍሎ ቢያሳይ ያ ስጦታ ነው ወይስ ሐሳብን መግለጽ? ፓርቲውስ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ምን ብሎ ይጽፈዋል? አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ያሰቡት ስለ ቼክና ስለ ቲሸርት ይመስላል።

የጥሞና ጊዜ የሚባለው ደግሞ አለላችሁ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ የሚከለከልባቸው፣ መራጩ ረጋ ብሎ የሚያስብባቸው ናቸው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሞንታርቦውን ማጥፋት ይቻላል፤ የግድግዳ ፖስተር ላይ አዲስ አለመጨመር ይቻላል። ግን ከሳምንት በፊት የተጫነ ቪዲዮ በጥሞናው ቀን አንድ ሰው ሼር ቢያደርገው ማን ቀሰቀሰ? ፓርቲው ዝም ብሏል፤ ደጋፊው አላለም። ሕጉ የሚያውቀው የሚናገርን አፍ ነው፤ እዚህ ግን አፉ ከተዘጋ በኋላም ንግግሩ ይቀጥላል። በ2013ቱ የጥሞና ቀናት ስልኩን ከፍቶ ጥሞና ያገኘ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ የ2012ቱ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ነው፣ ቁጥር 1185። ሐሰተኛው መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። የአገልግሎቱ ባለቤቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠበቃል። 5,000 ተከታይ ለአዲስ አበባ ትንሽ ናት። 4,000 ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ውስጥ ግን 200 አባላት ያሉት የቴሌግራም ቡድን ይበቃል፤ ያውም ከበቂ በላይ። ወሬው «ነገ እነ እገሌ ሊመጡባችሁ ነው» የሚል ከሆነማ ሃያ ሰውም ይበቃዋል።

በማን ቋንቋ ተብሎስ? እነዚህ ኩባንያዎች አማርኛን በወጉ የሚያነብ ሠራተኛና መሣሪያ ለማሟላት ዓመታት ፈጅተዋል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን መስከረም 2014 ላይ ለአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ያነሣችው በከንቱ አይደለም። አማርኛ ይህን ያህል ከዘገየ፣ በርታኛና ጉሙዝኛማ ማን ያስታውሳቸዋል? በአሶሳ ዞን ብዙ ሰው የሱዳኑን ዐረብኛም ይናገራል። አንድ ወጣት ስልኩን አፉ ላይ ደግኖ በበርታኛ ድምፁን ቀርጾ ቢልክ፣ የተናገረው ሰላምም ይሁን ጥላቻ፣ ካሊፎርኒያ ያለው ማሽን ዝምታን ነው የሚሰማው። በዚህ ረገድ የ1992ቱ የቋንቋ ክርክር ተገለባብጦ መጥቷል። ያኔ ጥያቄው ዕጩው የአካባቢውን ቋንቋ ያውቃል ወይ ነበር። አሁን ዳኛው አያውቅም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ «ፌስቡክ ባይኖር ኖሮ መተከል ሰላም ይሆን ነበር» የሚሉትን ወገኖች አልደግፍም። ይሄ ለባለሥልጣን የሚመች ተረት ነው። የመተከልን መሬት ጣጣ ፌስቡክ አላመጣውም፤ ከሠፈራው ዘመን፣ ከክልል አከላለሉ፣ ከሰፋፊ እርሻ ኢንቨስትመንቱ ጋር ሲንከባለል የመጣ ነው። እንዲያውም ስልክ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ሞት ሳይነገር ይቀር ነበር? በየካቲት 2014 በጉባ ወረዳ ሰው ከነሕይወቱ ሲቃጠል የሚያሳየው ዘግናኝ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ባይወጣ ኖሮ፣ መንግሥት ድርጊቱን አውግዞ ለሕግ አቀርባለሁ የሚልበት መግለጫ ይወጣ ነበር ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ። የመንግሥት ቴሌቪዥን «በአካባቢው አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል» በሚልበት ሰዓት እውነቱን ያወጣው ስልክ ነው። ቅሬታዬ ስልኩ መናገሩ ላይ አይደለም። ያ እውነት ከወጣ በኋላ ፓርቲዎች የሚያደርጉት ነገር ላይ ነው። ሟቹ ስም፣ ቀበሌ፣ ጎረቤት ያለው ሰው መሆኑ ይቀርና የወንበር መወዳደሪያ ይሆናል። ገዳዩም እንደዚያው፤ አንድ ወንጀለኛ መሆኑ ቀርቶ አንድ ሕዝብ ይሆናል።

የሌላውም አገር ሰው ከዚህ አላመለጠም። ኦባማ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረጡ ዓለም ኢንተርኔት ዴሞክራሲን አዋለደ ብሎ አጨበጨበ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው ድርጅት የ87 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ መውሰዱ ተሰማ፤ ጎረቤታችን ኬንያም ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ልዩነቱ፣ ኬንያዊው ቢያንስ በቅስቀሳው ከተታለለ በኋላ ድምፁን መስጠቱ ነው።

መተከል ግን አልሰጠም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫው ሲካሄድ በመተከልና በካማሺ ዞኖች በጸጥታ ምክንያት ድምፅ አልተሰጠም። ስድስት ወር ሙሉ የሁሉም ፓርቲ ገጽ ላይ የነበረው ሕዝብ፣ ፎቶው በየቪዲዮው የታየው፣ ስሙ በየክርክሩ የተነሣው፣ የምርጫ ካርድ እንኳ አልወሰደም። የቅስቀሳው ዒላማ እሱ ስላልነበረ ይህ ማንንም ፓርቲ አልጎዳም። ዒላማው ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ያለው መራጭ ነበር። መተከል የተነገረለት እንጂ የተነገረው አልነበረም። ሐምሌ ላይ ውጤት ሲገለጽ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410ሩን አገኘ፤ የመተከል ወንበር እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ ክልሉ በፓርቲ ገጾች ላይ መልኩን ቀየረ። የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ ነው፤ ጉባ ደግሞ መተከል ውስጥ። ሁለተኛው ሙሌት ምርጫው ካለፈ በወሩ ተፈጸመ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ግድቡ መብራት ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። በእነዚህ ቀናት የፓርቲ ገጽ የሚከፍት ሰው ውኃና ኮንክሪት እንጂ የጉባን ነዋሪ ማየቱን እንጃ። ትናንት ሬሳ፣ ዛሬ ግድብ። አምፖል የምርጫ ምልክቱ የሆነ ፓርቲ ይህንን ፎቶ መውደዱ አይገርምም፤ በግድቡ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች አምፖል የሚበራባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ግን በየትኛውም ፓርቲ ገጽ ላይ ሲጠየቅ አላየሁም።

በመሃሉ ማኅበራዊ ሚዲያው ራሱ ተዘጋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የባለሥልጣናት ገጾች ግን በየቀኑ አዲስ ነገር ይለጥፉ ነበር። የ1997ቱ የጽሑፍ መልእክት እገዳ ቢያንስ ሁሉንም እኩል ዝም ያሰኘ ነው። የ2015ቱ እገዳ ቪፒኤን መጫን የሚያውቀውን ከማያውቀው ለየ፤ ይህም ማለት ቦሌን ከበኩጂ ለየ።

በክልሉ በኩል በ2015 ዓ.ም. የጉሙዝ ታጣቂዎች ከክልሉ መንግሥት ጋር የሰላም ስምምነት ፈረሙ። የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄም በረሃውን ትቶ ወደ ምርጫ ሜዳ መጣ። ምርጫ ቦርድም የቀረውንና የድጋሚውን ምርጫ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. አካሄደ፤ ብልጽግናም፣ የጉሙዙ ንቅናቄም፣ የቦሮ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲም ተወዳደሩ። ከዚያ በፊት ጦር የተማዘዙ ሰዎች በአንድ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምልክታቸው ጎን ለጎን ታትሞ ማየት፣ ማንም ምንም ይበል፣ ትልቅ ነገር ነው። በ2013 መተከልን ሌት ተቀን ያነሣ የነበረው የአዲስ አበባና የውጭ አገር ፌስቡክ ግን ያን ቀን ሌላ ጉዳይ ላይ ነበር፤ የአማራ ክልል ጦርነት ነበረ፣ የኑሮ ውድነት ነበረ። ወሬው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዶ ነበር።

ምክር ቤቱ ሥራ የጀመረው መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ ሲሆን የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ግልገል በለስና ካማሺ ላይ ተሰልፎ የመረጠው ሰው የላካቸው እንደራሴዎች ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከአምስቱ ዓመት የቀረው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር።